የመረጃ ቋትን ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ወደ ሩቅ አገልጋይ ስለ ማዛወር፤ ጽንሰ ሐሳቡና ሙያዊ ቃላቱ ከላስታ በተወሰዱ ምሳሌዎች

መግቢያ

ለአንድ ነገር ተስማሚ ስም የሚወጣለት ነገሩ በሚገባ ከታወቀ በኋላ ነው። ይህ መርሕ በስያሜ ሥራ ዘወትር ቢጠቀስም በኮምፒዩተር ዘርፍ ግን ሲሠራበት እምብዛም አይታይም። አብዛኛውን ጊዜ ባዕዱ ቃል ቀድሞ ይገባና አማርኛው በኋላ ይፈለግለታል። ሲፈለግም የቃሉ ፍች እንጂ የነገሩ አሠራር ስለማይመረመር የሚገኘው አቻ ቃል የነገሩን ግማሽ ብቻ የሚናገር ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው በአንድ ሥራ ላይ ነው። ይኸውም በአንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚኖር የመረጃ ቋት በሩቅ ቦታ ወደሚገኝ አገልጋይ ሲዛወር ምን እንደሚደረግ፣ ምን ሊጠፋ እንደሚችልና ለየድርጊቱ ምን ዓይነት የአማርኛ ቃል እንደሚስማማ ማመልከት ነው። ምሳሌዎቹን ከላሊበላና ከላስታ ደጋ የወሰድነው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ የዚያ አገር መጻሕፍት፣ ሥዕሎችና የቦታ ስሞች በካርድ፣ በማይክሮፊልምና በኮምፒዩተር እየተመዘገቡ ከአንዱ ማኅደር ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ቆይተዋል። ሁለተኛ፣ በዚያው አካባቢ የተሰበሰበ አንድ የቃላት መዝገብ በቅርቡ ሲዛወር የማመሳከሩ ሥራ ለእኛ ደርሶን ስለነበረ፣ ከዚህ በታች የምንለው በከፊል ከዚያ ልምድ የተገኘ ነው።

1. ቋትና አገልጋይ

«ቋት» በገጠሩ አነጋገር ከወፍጮው የሚወርደው ዱቄት የሚጠራቀምበት ነው። «ቋት የማይገፋ» የሚለው ፈሊጥም ከዚሁ የመጣ ነው። «የመረጃ ቋት» የሚለው ስያሜ «ዳታቤዝ» ለሚለው ባዕድ ቃል አቻ ሆኖ በሰፊው ተለምዷል። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ዱቄት በቋት ውስጥ ይከማቻል እንጂ በሥርዓት አይደረደርም። የመረጃ ቋት ግን መረጃው በሠንጠረዥ፣ በዐምድና በረድፍ ተለይቶ፣ አንዱ ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር በመለያ እየተያያዘ የሚቀመጥበት ነው። የዚህ አደረጃጀት መሠረት የተጣለው የሒሳብ ሊቁ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ነው። ቃሉ ስለተለመደ ይለወጥ አንልም፤ ብያኔው ግን ማከማቸትን ብቻ ሳይሆን ማደራጀትንም መያዝ አለበት።

የጠረጴዛ ቋት የምንለው ሙሉ በሙሉ በአንድ ፋይል ውስጥ የሚኖር ቋት ነው። ከእነዚህ በጣም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ የቀረበው ማይክሮሶፍት አክሰስ ሲሆን፣ የአንዱ ፋይል መጠን ከ2 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ተወስኗል። ለአንድ ተመራማሪ ወይም ለአንድ አነስተኛ ቢሮ ይበቃል። ችግር የሚነሣው ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሊሠሩበት ሲፈልጉ፣ በተለይም አንዱ አዲስ አበባ ሌላው ላሊበላ ሆኖ ሲሠራ ነው።

ልዩነቱን በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አስመስለን እናስረዳ። አንድ ሰው የፈለገው አንድ ቅጠል ብቻ ሆኖ ሳለ መጽሐፎቹ ሁሉ በየማኅደራቸው ተጭነው ወደ ቤቱ ቢወሰዱለትና ራሱ እየገለጠ ቢፈልግ፣ ድካሙም ሆነ የመጥፋቱ አደጋ ይበዛል። የጠረጴዛ ቋት ፋይል በመረብ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ሲከፈት የሚሆነው ይህንኑ የሚመስል ነው። ፍለጋውን የሚያካሂደው የጠያቂው ኮምፒዩተር በመሆኑ ከፋይሉ ብዙው ክፍል በመስመሩ ላይ ይመላለሳል፤ መስመሩ በመካከል ቢቋረጥም ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። በአገልጋይ አሠራር ግን ጠያቂው ከበር ይቆማል፤ ቄሰ ገበዙ ጥያቄውን ሰምቶ፣ ፈቃድ እንዳለው አረጋግጦ፣ የተፈለገውን ቅጠል ብቻ ያሳየዋል። መጻሕፍቱ ከቦታቸው አይነቃነቁም።

እዚህ ላይ «አገልጋይ» የሚለው ቃል ይመረመር። በላስታ ቃሉ በቀዳሚነት የሚያስታውሰው ካህኑንና ዲያቆኑን ነው። ይህ መደራረብ ጉዳት ያመጣል ብለን አናምንም፤ ዐውዱ ይለየዋል። ጉዳት ያለው በጥንዱ ቃል ላይ ነው። ከአገልጋዩ አገልግሎት የሚጠይቀውን ኮምፒዩተር ወይም ፕሮግራም «ደንበኛ» ማለት ተለምዷል። «ደንበኛ» ገበያን ያስታውሳል፤ ከ«አገልጋይ» ጋርም የሥር ዝምድና የለውም። «ተገልጋይ» ቢባል ግን አድራጊውና ተደራጊው ከአንድ ሥር ወጥተው ግንኙነታቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ስለዚህ «አገልጋይ» እና «ተገልጋይ» ጥንድ ሆነው እንዲሠራባቸው እናሳስባለን።

2. ግልበጣ፣ ዝውውርና ፍልሰት

መረጃን ከአንዱ ቋት ወደ ሌላው ለማስተላለፍ በየጽሑፉ «መገልበጥ»፣ «ማዛወር»፣ «ማሸጋገር» እና «ፍልሰት» እየተቀላቀሉ ይገኛሉ። ቃላቱ ግን አንድ አይደሉም።

«ገለበጠ» የጸሐፊዎች ቃል ነው። መጽሐፍ ሲገለበጥ እናቱ ባለችበት ትኖራለች፤ አዲሱ ልጇ ነው። «ተዛወረ» የሚባለው ደግሞ የሥራ ቦታ ሲለወጥ ነው፤ የተዛወረ ሠራተኛ በቀድሞ ወንበሩ አይገኝም። «ፈለሰ» ከሁሉ የጠለቀ ነው። ካህናቱ «ፍልሰተ ዐፅም» ሲሉ ዐፅሙ ከተቀበረበት ተነሥቶ በክብር ወደ ሌላ ማረፊያ መወሰዱን ያመለክታሉ። ከፍልሰት በኋላ ቀድሞ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

በቴክኒኩ ሥራ እነዚህ ሦስቱ ደረጃዎች በተራ ይፈጸማሉ። አስቀድሞ መረጃው ይገለበጣል። ቀጥሎ ተጠቃሚዎች ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይዛወራሉ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አዲስ ነገር የሚጻፈው በአዲሱ ቋት ብቻ ነው። በመጨረሻ አሮጌው ተዘግቶ ፍልሰቱ ይፈጸማል። ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በግልበጣና በፍልሰት መካከል ያለው ጊዜ ሲዘለል፣ ማለትም እናቲቱ መጽሐፍ ከልጇ ጋር ሳትመሳከር ስትጣል ነው። ስለዚህ ለጠቅላላው ሥራ «ማዛወር» የሚለውን፣ ለየደረጃው ግን ሦስቱን ቃላት በየቦታቸው መጠቀም ይገባል።

በመዝገበ ቃላት ታሪካችን ለዚህ ምሳሌ አናጣም። በ1948 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ተጀምሮ፣ በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተስፋፍቶ፣ ከእርሳቸው ዕረፍት በኋላ በደስታ ተክለ ወልድ ጥረት ለኅትመት የበቃ ነው። ሦስት እጆች ያለፈበት ሥራ ሳይጠፋ የደረሰን ተቀባዩ ሁሉ የሰጪውን ጽሑፍ እየመረመረና እየጠበቀ ስላሸጋገረው ነው።

3. በዝውውር ጊዜ የግእዝ ፊደል የሚያስከትላቸው ጉዳዮች

ሀ) የፊደል ኮድ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3ኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሞች የግእዙን መልክ በላቲን ፊደላት የኮድ ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በዚህ ዓይነት የተጻፈ መዝገብ ፊደሉ ሲለወጥ ትርጉም የሌለው የላቲን ሆሄ ክምችት ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከማዛወር በፊት ለየፕሮግራሙ የኮድ መመለሻ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ግድ ነው። መረጃው በዩኒኮድ የተጻፈ ቢሆን እንኳ፣ ተቀባዩ ዐምድ ለዩኒኮድ ካልተዘጋጀ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ከጥያቄ ምልክት ወደ ፊደል መመለሻ መንገድ የለም።

ለ) የዐምድ ስፋት። ብዙ አገልጋዮች የዐምድን ስፋት በፊደል ብዛት ሳይሆን በባይት ይለካሉ። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ፣ ማለትም በዩ.ቲ.ኤፍ. 8፣ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «መድኃኔ ዓለም» የሚለው ስም 7 ፊደላትና 1 ባዶ ቦታ ስላለው 22 ባይት ይሆናል። ስለዚህ ለላቲን ጽሑፍ 50 ሆሄ የሚችል ዐምድ ለእኛ 16 ፊደል ብቻ ይበቃል፤ የቀረው ይቆረጣል።

ሐ) የፊደል ተራ። ዩኒኮድ የተከተለው የሀለሐመን ተራ ነው። ከዚህ በላይ የጠቀስነው የአለቃ ኪዳነ ወልድ መዝገበ ቃላት ግን በአበገደ የተደረደረ ነው። አገልጋዩ የሚያውቀው አንዱን ተራ ብቻ ከሆነ ሌላውን የሚሻ አንባቢ መደርደሪያ ያጣል። መፍትሔው ለየዋናው ቃል የመደርደሪያ ቁልፍ በሌላ ዐምድ ማስቀመጥ ነው። የባሰም አለ፤ በአገልጋዩ የተመረጠው የአደራደር ደንብ ለግእዝ ፊደል ክብደት ያልሰጠ ከሆነ የተለያዩ ቃላትን እንደ አንድ ሊቆጥር ይችላል።

መ) ሞክሼ ፊደላት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በአማርኛ ንባብ አንድ ቢሆኑም በግእዝ ፍች ይለያሉ። «ሠዐለ» ሥዕል ነደፈ ማለት ሲሆን «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው። በአንድ የላስታ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕልና ሥዕሉን ያሠራውን ሰው ስእለት የሚመዘግብ ቋት ሁለቱንም ቃላት ይዟል። ፍለጋ እንዲቀልል ተብሎ ፊደላቱ በዋናው ጽሑፍ ላይ ቢዋሐዱ ልዩነቱ ለዘለዓለም ይጠፋል። ስለዚህ ዋናው አጻጻፍ እንደተጻፈ ይጠበቅ፤ ለፍለጋ የሚያገለግለው የተዋሐደ አጻጻፍ በሌላ ዐምድ ይቀመጥ።

ሠ) ዘመን አቈጣጠር። የአገልጋዮች የቀን ዐምድ የተሠራው ለጎርጎርዮስ አቈጣጠር ነው። ጳጉሜን 3 ወይም የካቲት 30 ሲሰጠው «ስሕተት» ይላል። ቀኑን ከመመዝገብ በፊት መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለምሳሌ በላሊበላ የገና በዓል የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። በሁለቱም ጎርጎርዮሳዊው ቀን ጃንዋሪ 7 ነው። 2016 ዓ.ም. ከእነዚህ አንዱ ነበር። ይህን የማያውቅ ፕሮግራም የአንድ ቀን ስሕተት በየአራት ዓመቱ ይዘራል። ስለዚህ በሰነዱ ላይ የተጻፈው ቀን በጽሑፍ፣ የተለወጠው ቀን ደግሞ በቀን ዐምድ ጎን ለጎን ይቀመጡ።

4. ስምና መለያ

የመረጃ ቋት ነገሮችን የሚለየው በስም ሳይሆን በመለያ ነው። ይህ ለምን እንዳስፈለገ «ላሊበላ» ከሚለው ቃል የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አናገኝም። ቃሉ የዛጔው ንጉሥ ስም ነው፤ የከተማው ስም ነው፤ በማለዳ በየደጁ እያዜሙ የሚለምኑት ሰዎችም «ላሊበላ» ወይም «ላሊበሎች» ይባላሉ። በተገላቢጦሹ ደግሞ ከተማው በአንድ ስም ብቻ አይታወቅም፤ በጥንት ጽሑፎች ሮሐም ተብሏል። አንድ ስም ለሦስት ነገር፣ ሁለት ስም ለአንድ ነገር ማለት ነው። በጠረጴዛ ቋት ሠሪው ራሱ ተጠቃሚ ስለሆነ የቱ የቱ እንደሆነ በልቡ ያውቀዋል። መዝገቡ ወደ ሩቅ አገልጋይ ሄዶ ብዙ ሰው ሲጠቀምበት ግን በልብ የነበረው ዕውቀት በጽሑፍ መውጣት አለበት።

መለያ አንዴ ከተሰጠ አይለወጥም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት በላሊበላ የሚገኙትን ጨምሮ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አንሥቷል። ዊልያም ማኮምበርና ጌታቸው ኃይሌ ያዘጋጁት ካታሎግ ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን 5,000 በ10 ጥራዞች ይዟል። ምስሎቹና መግለጫዎቹ አሁን በአሜሪካ በሚኔሶታ በሚገኘው የሒል ቤተ መጻሕፍት የሩቅ ቋት ውስጥ ይነበባሉ። ከካርድ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ አገልጋይ ሲሸጋገር የየመጽሐፉ የፕሮጀክት ቁጥር ግን እንደነበረ ቀርቷል። በየጥናቱ የተጠቀሰው ያ ቁጥር ስለሆነ ቢለወጥ ኖሮ የብዙ ዓመት ጥናት መንገዱ በጠፋበት ነበር። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክትም ለመጽሐፍ፣ ለሰው፣ ለድርሰትና ለቦታ የየራሳቸውን ቋሚ መለያ በመስጠት ይሠራል።

ከቴክኒክ በኩል እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው፣ የጠረጴዛው ቋት ቁጥሮቹን በራሱ ይሰጥ የነበረ ከሆነ፣ አዲሱ አገልጋይ ቁጥሮቹን እንደ አዲስ እንዳይሰጥ መከልከልና ቈጠራውን ከትልቁ ቁጥር በላይ እንዲጀምር ማድረግ ነው።

5. ማመሳከር

በመግቢያው የጠቀስነው የላስታ ቃላት መዝገብ በዚህ መንገድ ሲዛወር የቴክኒኩን ሥራ የያዙት ሰዎች የረድፎቹን ብዛት ቈጥረው እኩል መሆኑን አረጋገጡ፤ ሥራውም ተፈጽሟል ተባለ። እኛ ካርዶቹን ይዘን ቃል በቃል ማንበብ ስንጀምር ግን አንዳንዱ ማብራሪያ በዓረፍተ ነገር መካከል እንደሚቆም አየን። ፊደሎቹን ብንቈጥር ሁሉም የሚቆሙት በ255ኛው ላይ ነበር። ከአሮጌው ቋት መረጃውን ያወጣው መጠይቅ ረጅሙን የጽሑፍ ዐምድ እንደ አጭር ዐምድ ቈጥሮት ኖሯል። ረድፉ አልጎደለም፤ ጭራው ነው የተቆረጠው።

ከተቆረጡት አንዱ ስለ ድንጋይ መፈልፈል ሙያ ቃላት አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ካህን የሰጡት ማብራሪያ ነበር። «ውቅር» እና «ፍልፍል» በእርሳቸው አነጋገር የት ላይ እንደሚለያዩ የሚያስረዳው ክፍል ከ255ኛው ፊደል በኋላ የሚገኘው ነው። በካርዱ ላይ የሰፈረው አጭሩ ፍች ብቻ ሲሆን ሙሉው ቃላቸው ያለው በቋቱ ውስጥ ነበር። እኒህ አባት መዝገቡ ከመዛወሩ አስቀድመው ዐርፈዋል። ማንም ዳግመኛ ሊጠይቃቸው አይችልም። አሮጌው ኮምፒዩተር እንዲጠረግ ትእዛዝ ተሰጥቶ ሳለ ገና ስላልተጠረገ ብቻ ቃላቸው ተገኝቶ በቦታው ተመለሰ።

ከዚህ የምንማረው ቁጥርን ከቁጥር ማስተያየት ማመሳከር አለመሆኑን ነው። ማመሳከር ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ የረድፎች ብዛት በየሠንጠረዡ ይነጻጸር። ሁለተኛ፣ በየዐምዱ ያለው የረጅሙ ጽሑፍ ርዝመት በሁለቱም ወገን ይለካ፤ ይህ ቢደረግ ኖሮ የእኛ ችግር በአንድ ደቂቃ በታየ ነበር። ሦስተኛ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ረድፎችን ከየክፍሉ መርጦ ከምንጩ ጋር ያንብብ። ኮምፒዩተር መቁረጡን እንጂ የተቆረጠው ምን እንደነበረ አያውቅም።

ሌላ ትንሽ ምሳሌ እንጨምር። አክሰስ «አዎን» የሚለውን መልስ የሚያስቀምጠው በ-1 ሲሆን፣ ብዙ አገልጋዮች ግን በ1 ያስቀምጡታል። «የተረጋገጠ» የሚለውን ዐምድ በ-1 የሚፈልግ አሮጌ መጠይቅ ከዝውውር በኋላ አንድም የተረጋገጠ ቃል የለም ብሎ ይመልሳል።

6. ርቀትና መቋረጥ

የሩቅ አገልጋይ ሁለት ዋጋ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። አንድ ጥያቄ ደርሶ ለመመለስ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ቢፈጅ አይታወቅም። ነገር ግን በጠረጴዛው ላይ ሳለ በየረድፉ እየተመላለሰ ይጠይቅ የነበረ ፕሮግራም አሁንም ለ1,000 ቃላት 1,000 ጊዜ ቢመላለስ 200 ሴኮንድ፣ ማለትም ከሦስት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ቋቱን ብቻ ሳይሆን የአጠያየቁንም ልማድ መለወጥ ያሻል፤ ሁሉን በአንድ ጥያቄ ጠይቆ በአንድ ጊዜ መቀበል ይገባል።

ሁለተኛው ዋጋ መቋረጥ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከተማው ያለ መብራትና ያለ ስልክ ወራት አሳልፏል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በዐማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሩቅ አገልጋይ ያለ መዝገብ ከአደጋ ይተርፋል፤ ባለቤቶቹ ግን ሊያነቡት አይችሉም። በከተማው ብቻ ያለ መዝገብ ደግሞ በቅርብ ይነበባል፤ ነገር ግን አንድ ቃጠሎ ወይም አንድ ዘረፋ ይበቃዋል። ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም። ዋናው በሩቅ ሆኖ፣ በየጊዜው የሚታደስ ሙሉ ግልባጭ በአገሩ መቀመጥ አለበት። ይህን «የአገር ግልባጭ» ብለነዋል፤ አደጋ ሲደርስ ብቻ ከሚከፈተው «መጠባበቂያ ቅጂ» የሚለየው ዘወትር የሚነበብ በመሆኑ ነው።

7. ለውይይት የቀረቡ ቃላት

ከዚህ በላይ በተሰጠው ማብራሪያ መሠረት የሚከተሉትን ቃላት ከነብያኔያቸው እናቀርባለን።

የመረጃ ቋት፤ መረጃ በሠንጠረዥ ተደራጅቶና በመለያ ተያይዞ የሚቀመጥበት።
የጠረጴዛ ቋት፤ በአንድ ፋይል ውስጥ ተጠቃሎ በአንድ ኮምፒዩተር የሚኖር የመረጃ ቋት።
አገልጋይ፤ ጥያቄ ተቀብሎ፣ ፈቃድ መርምሮ፣ መልሱን ብቻ የሚልክ ኮምፒዩተር ወይም ፕሮግራም።
ተገልጋይ፤ ከአገልጋይ የሚጠይቅና መልስ የሚቀበል ኮምፒዩተር ወይም ፕሮግራም።
መጠይቅ፤ ለቋት በደንብ የሚቀርብ ጥያቄ።
መለያ፤ ለአንድ ረድፍ ብቻ የተሰጠና የማይለወጥ ምልክት ወይም ቁጥር።
ግልበጣ፤ ምንጩ ሳይነካ መረጃን ወደ አዲስ ቋት መጻፍ።
ዝውውር፤ የተጠቃሚዎች ሥራ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ቋት መተላለፍ።
ፍልሰት፤ ማመሳከር ከተፈጸመ በኋላ አሮጌው ተዘግቶ የማዛወሩ ሥራ መጠናቀቅ።
ማመሳከር፤ ምንጭንና ግልባጭን በብዛት፣ በርዝመትና በንባብ ማስተያየት።
የአገር ግልባጭ፤ መረጃው በተገኘበት ቦታ የሚቀመጥና በየጊዜው የሚታደስ ሙሉ ቅጂ።

ማጠቃለያ

እነዚህ ቃላት ሁሉም አዲስ የተፈጠሩ አይደሉም። አብዛኞቹ ከጸሐፊው፣ ከዕቃ ቤት ጠባቂውና ከወፍጮ ቤቱ የተወሰዱ ናቸው። በአገራችን መረጃን መጠበቅ፣ መገልበጥና ማሸጋገር ጥንታዊ ሙያ በመሆኑ ቃሉም ከዚያው ሊገኝ ችሏል። አንባቢያን በየሥራ ቦታቸው የሚሠሩባቸውን ሌሎች ቃላት ከነአሠራሩ ማብራሪያ ቢያቀርቡልን፣ ከእነዚህ የተሻሉት የተሻሉትን እንዲተኩ ለማድረግ ዝግጁ ነን። እስከዚያው ድረስ አደራ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ልጂቱ ከእናቲቱ ጋር ቃል በቃል ሳትነበብ እናቲቱ አትጣል።